ከመኪናዋ የቀደመው ወሬ

ያቺ መኪና ያስወጣችኝን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ልገላገል። አራት ጎማ፣ አንድ የትራክተር ባትሪ፣ አንድ ኩንታል ስኳር፣ የግራ እጄ ሁለት ጥፍሮች፣ አርባ ሦስት ቀን፣ እና ሁመድ። ከሁመድ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ተክቻለሁ። ጥፍሮቹም በቅለዋል።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዋሽ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አንዲት ሱቅ ነበረችኝ። ከፊት ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሽርጥና የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ፤ ከኋላ እተኛለሁ። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ከባቲ የወረድኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴ ሚዛን ነው፤ ሚዛን ያላስተማረኝን የሰው ዓይን አስተምሮኛል። ሚስትም አግብቼ ነበር። ሁለት ዓመት ከሙቀቱ ጋር ታገለችና ወደ እናቷ ሄደች። ሙቀቱ ነው አለች፤ እኔም አልተከራከርኩም።

በዚያ ሁሉ ዓመት ቁጭ ብሎ የሚያዋራኝ አንድ ሰው ነበር፤ ሁመድ የሚባል አፋር፣ ከእኔ ትንሽ የሚበልጥ። ከመልካ ወረር ወዲህ፣ ከጥጡ እርሻ ዳር ነው የሚኖረው። በየገበያው ቀን ቅቤና ፍየል ይዞ ይመጣል፤ ሸጦ ሲጨርስ ከሱቄ ደጃፍ ካለችው የሳሙና ሳጥን ላይ ይቀመጥና ዳጉ እንለዋወጣለን።

ዳጉን ለማታውቁ፦ አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነግራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋች። ያየኸውን "አየሁ" ትላለህ፤ የሰማኸውን "ከእከሌ ሰማሁ" ትላለህ። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም። ውሃ እንኳ ከዳጉ በኋላ ነው የሚጠጣው። እኔ አፋር አይደለሁም፤ ሁመድ ግን "ምን አየህ? ምን ሰማህ?" ይለኝ ነበር። አዋሽ ላይ እንዴት አደርክ የሚለኝ ሞልቷል። መልሱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ እሱ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ መኪናዋ።

ሰማያዊ ሙስታንግ ነበረች፤ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ፒስተን። ባለቤቷ አቶ በላቸው በትራክተር ኮንትራት የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ሱቅ ሳይኖረኝ፣ ሳሙና በጀርባዬ እያዞርኩ ስሸጥ፣ አንድ ቀን አስፋልቱ ላይ በአጠገቤ አለፉ። መጀመሪያ ድምፅዋ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎ አቧራዋ አፌ ውስጥ። ቆሜ ቀረሁ። የዚያን ቀን ስንት ሳሙና እንደሸጥኩ አላስታውስም፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አልረሳም።

አብዮቱ መጣ። ሰው ለጥያቄ ተጠርቶ በማይመለስበት ሰሞን አቶ በላቸው በእግራቸው ጠፉ። በበረሃው መርቶ እስከ ጅቡቲ ጠረፍ ያደረሳቸው ሁመድ ነው። ሲለያዩ፣ "መኪናዋ አደራ። ከተመለስኩ ለእኔ፣ ከሞትኩ ለልጄ" አሉት። ሁመድ ተመልሶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከራሱ ጎጆ ጎን፣ በመኪናዋ ላይ ቤት ሠራባት። እንጨቱን አጎበጠ፣ ሰሌኑን አለበሰ፣ ጨረሰ። ከውጭ ስታዩት እንደማንኛውም የአፋር ቤት ነው። ሚሊሻ ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ በሩ ላይ የፋጡማን ወተት ጠጥቶ አመስግኖ ሄዷል። ፋጡማ የሁመድ ሚስት ናት፤ ቅሏን የምታስቀምጠው ኮፈኑ ላይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት! ሁመድ "አደራዋ" ነው የሚላት። መኪና ብሏት አያውቅም።

በዘጠነኛው ዓመት አመነኝና አሳየኝ። ሰሌኑን ገልጬ ስገባ ያ ድምፅ እንደገና ደረቴ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ ግን ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለ ነው።

"ሽጥልኝ" አልኩት።

"የእኔ አይደለችም።"

"ሰውየው ላይመለሱ ይችላሉ እኮ።"

"ላይመለሱ ይችላሉ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ከሞቱ ለልጃቸው ነዋ! አንተ ነጋዴ፣ ጆሮህንም ሸጥከው እንዴ?"

ልጃቸው ሰናይት ትባላለች። ነርስ ሆና ከሎጊያ ወዲያ፣ በመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ክሊኒክ ተመድባለች። እዚያው ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የመንግሥት ደመወዝ የምትበላ ልጅ ስምንት ፒስተን ቤንዚን ልታጠጣ አትችልም። መኪናዋ እጇ በገባ ማግስት ትሸጣለች፤ በዚያ በረሃ ደግሞ ከእኔ በስተቀር ገዢ የለም። በእኔና በመኪናዋ መካከል የቆመው የአቶ በላቸው በሕይወት መኖር ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ሁመድ ሳጥኗ ላይ ተቀመጠ። "ምን አየህ? ምን ሰማህ?" አለኝ።

የስኳሩን ነገርኩት። የባቡሩን መዘግየት ነገርኩት። ከዚያ፣ "አንድ ነገር ሰምቻለሁ" አልኩ።

"ከማን?"

"ከድር ከሚባል የቦቴ ሾፌር። ከጅቡቲ ነው የመጣው። አቶ በላቸው ታመው እዚያው ሞቱ አለኝ።"

"እሱ አየ ወይስ ሰማ?"

"ቀብር ላይ ነበርኩ ነው ያለው።"

መሐላ አልጠየቀኝም። ዳጉ መሐላ አይፈልግም። ሁመድ በትሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። "እግራቸውን እሾህ ወግቷቸው ነበር፤ መንገድ ላይ አወጣሁላቸው" አለ፤ ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱ ስለ ሟቹ ነፍስ ፍየል አረደ፤ እኔንም ጠራኝ። ሄጄ በላሁ። አልዋሽም፣ ጣፍጦኝ ነበር።

ጠግኜ ለልጅቷ ላድርሳት አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ ነው። ከባቡር ጋራዥ ጡረታ የወጡ ጋሽ ማሞ የሚባሉ መካኒክ ነበሩ፤ በአህያ ጋሪ ወሰድኳቸው። ሰሌኑ ሲነሣ ሦስት ጊዜ ዞሯትና፣ "ይቺ መኪና አይደለችም፤ አጥንት ናት" አሉኝ።

"አትነሣም?"

"አጥንትም ይነሣል፤ ቀኑ ሲደርስ። አንተ ግን ቸኩለሃል መሰል።"

የኋላ ወንበሩን ፍየል በልቶታል። ሰልባትዮው ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ማር ረግቷል፤ ጠጠር ጨምረን እያንቀጫቀጭን አጠብነው። ካንዴላዎቹን ፈትተው በየቀዳዳው ዘይትና ላምባ ቀላቅለው ጨመሩና፣ "አምስት ቀን እንዳትነካት" አሉ። በስድስተኛው ቀን የሞተሩን አፍንጫ፣ ከፊቱ የወጣውን ዘንግ፣ በትልቅ ቁልፍ ይዘን ስንገፋ፣ ቅንጣት ታህል እሺ አለች። ጋሽ ማሞ አማተቡ፣ እኔ ቢስሚላህ አልኩ፣ ሁመድ በትሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጎማ ከድሬዳዋ በባቡር አስመጣሁ፤ ባትሪ ከትራክተር። ጥፍሮቼን የበላው የቬንትሌተሩ ቺንጋ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ ነው። በተነሣች ቀን ድምፅዋን የሰሙ ፍየሎች እስከ ወንዙ ድረስ ሮጡ።

"ስማኝ ሰይድ" አሉኝ ጋሽ ማሞ፣ እጃቸውን በላምባ እየታጠቡ፣ "ማስነሻው፣ ሞተሪኖው አልቋል፤ መለዋወጫ የለውም። ከጠፋች የምትነሣው በግፊያ ነው። ውሃዋን እያየህ ንዳ።"

የቀበሌው ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀት ጻፈልኝ፤ "የሟች ንብረት ለወራሽ ማድረሻ" ይላል። ስኳሩ የሄደው እዚያ ነው። ውሸቴ ማኅተም ተመታበት።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ማለዳ ተነሣን፤ እኔ መሪ ላይ፣ ሁመድ ከጎኔ፣ ጊሌው፣ ያ ቆልማማ ጩቤው፣ ወገቡ ላይ፣ በትሩ በመስኮት ወጥቶ። ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው ሰዓት ጀነት ነበር። አስፋልቱ ባዶ ነው፤ ግራር ሁሉ ወደ ኋላ ይሮጣል። ሳሙና የሚያዞር ልጅ ባገኝ አቧራ ላለብሰው እየፈለግሁ ነበር፤ አላገኘሁም።

ገዋኔ ስንደርስ ሰባት ስምንት አፋሮች መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ቆምኩ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም። እኔን አላዩኝም። ሁመድን አስወርደው፣ እጁን እየሳሙ ስለ አቶ በላቸው አጽናኑት። እኔ ከሁመድና ከሊቀ መንበሩ በስተቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ ወሬው ግን ስምንት ፒስተን ሳይኖረው ቀድሞኛል። ከመካከላቸው አንድ ፂሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ወደ መስኮቴ መጣ።

"ከድር የሚባል የቦቴ ሾፌር ነው የነገረህ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እኔ እዚህ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከድር የሚባል የቦቴ ሾፌር አላውቅም።"

"አዲስ ነው" አልኩ።

"አዲስ ነው" አለ ሽማግሌው፤ ቃሌን ተቀብሎ አስቀመጣት፤ እንደ ሳንቲም ጥርሱ ላይ እንኳ አልሞከራትም። በዚህ መሐል ሞተሩ ጠፋ። ለቅሶ የመጡት ሰዎች ገፍተው አስነሡልን።

ሚሌም እንደዚያው። እዚያ የገረመኝን ልንገራችሁ። እኔ የገበያ ወሬ ነው የማውቀው፤ ከአፍ አፍ ሲሄድ እንደ ሊጥ ኩፍ የሚል። ይኼ እንደወጣ ነው የደረሰው። "ታመው እዚያው ሞቱ፤ ሾፌሩ ቀብር ላይ ነበር፤ ሰይድ ከሾፌሩ ሰማ፤ ሁመድ ከሰይድ ሰማ።" አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። በዕድሜዬ እንደዚያ ውሸት ታማኝ ተሸካሚ ያገኘ ዕቃ አላየሁም። አጽናንተውን ሲጨርሱ አንዱ ለሁመድ ይኼን ነገረው፤ "ልጅቷ ሰምታለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ምግብም እምቢ ብላለች።"

ከሚሌ እንደወጣን ሁመድ፣ "እንኳን አንተ ነገርከኝ" አለ። "ሌላ ሰው ቢሆን ላላምን እችል ነበር።"

ሎጊያን አለፍን። ዛሬ ሰመራ የቆመችበት ሜዳ ያኔ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር። ከፊታችን አንድ ሰው ሁለት ግመል ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ግመሎቹ ጨው ጭነዋል፤ ጨው ማለት ከጅቡቲ በኩል ነው። ሰውየው በትሩን አነሣ።

"ቁም" አለ ሁመድ።

ከጅቡቲ በኩል የመጣ ሰው ምን እንደሚያውቅ አላህ ነው የሚያውቀው። እግሬ ፍሬኑን ትቶ ነዳጁን ረገጠ።

ሁመድ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። "አለፍከው" አለ፤ ሰው ገጨህ እንደሚል ሰው።

"ሞተሩ ይጠፋል። ማን ይገፋናል?"

"በትሩን ለዳጉ ያነሣ ሰው እኮ ነው!"

የመለሰችለት መኪናዋ ናት። ኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ፈነዳ፤ እንፋሎት መስታወቱን ሸፈነው፤ ስምንቱም ፒስተን ባንዴ ዝም አሉ። ውሃ አልቆባታል፤ ነጂዋ ውሃ ሳይሆን ሰው ሲያይ ነበር።

እስክትበርድ ጠበቅን፤ ውሃ ጨመርን፤ ገፋናት። ሁለት ሰው ለዚያች መኪና ምንም አይደለም። ሦስት ጊዜ ሞክረን ላባችን አለቀ። ሁመድ በጥላዋ ሥር ተቀመጠ። ወደመጣንበት ሳይ፣ ሜዳው ላይ እንደ ምስማር የቀጠነ ነገር ይንቀጠቀጣል።

"ምንድነው ያ?" አልኩ።

"ያለፍከው ሰው።"

"መንገዱ እኮ ወዲያ ነበር!"

"መንገዱ ወዲያ ነበር። ዳጉውን አላደረሰም፤ አያየንም እንዴ? ተመለሰ።"

አንድ ሰዓት ያህል ይሆናል የመጣው። በዚያ ሜዳ ላይ የሚመጣን ሰው ማየት ምን እንደሆነ የማያውቅ አያውቀውም። አይሮጥም። አይቆምም። መጀመሪያ ምስማር ነበር፣ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ እግር አወጣ። በዚያ ምድር ላይ ፈጣኗ መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ አንድ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ሲደርስብኝ ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለች። አዞርኩ። ጠቅ። የግመሎቹ አንገት ሲወዛወዝ መለየት ስጀምር ወርጄ ከሁመድ ፊት ተቀመጥኩ።

"ሁመድ።"

"እህ።"

"ሾፌሩ የለም።"

"የትኛው ሾፌር?"

"ከድር። ከድር የሚባል ሾፌር የለም። የነገረኝ ሰው የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ መኪናዋን ፈልጌ።"

ፊቱ አልተለወጠም። የጠየቀኝ እንደ ዳጉ ነው፤ በሥርዓቱ።

"በላቸው ሞቱ ብለህ ነበር።"

"ብያለሁ።"

"አየህ?"

"አላየሁም።"

"ሰማህ?"

"አልሰማሁም። ይሙቱ ይኑሩ አላውቅም።"

ከዚያ፣ "ፍየሏን በልተሃል" አለኝ።

"በልቻለሁ።"

ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ፣ እጁ ወደ ጊሌው ቢሄድ እንኳ፣ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ሽማግሌው ደረሰ። ግመሎቹን አስቆመ፤ ከሁመድ ፊት ቁጭ አለ፤ ዳጉ ተጀመረ። የአፋርኛ ትርፍራፊ አለኝ፤ ጆሮዬ እንደ ጥንቸል ቆሟል። ዝናብ የት እንደጣለ ነገረ። የደረቀ ጉድጓድ ነገረ። አንዲት እርጉዝ ግመል ጠፍታበታለች፤ ጆሮዋ ላይ ያለውን ምልክት ነገረ። የልጁ ልጅ ተወልዷል። አበቃ። ስለ አቶ በላቸው አንዲት ቃል የለም! አፌን ባልከፍት ኖሮ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ነጋዴ ነኝና ይኼን ማሰቤን አልደብቃችሁም።

ተራው የሁመድ ሆነ። እሱም ከመጀመሪያው ጀመረ። ቤቱን፣ መኪናዋን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን። ከዚያ ስሜን ሰማሁ። ሰይድ፤ ወሎዬው፤ አዋሽ ላይ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው፤ ያልሰማውን ሰማሁ አለ። ሽማግሌው ዞሮ አየኝ፤ መልኬን ያዘ። ሁመድ ግን አልጨረሰም ነበር። "ማንም ሳያስገድደው፣ ራሱ ተናገረ" አለ። እሱንም አልቀነሰም።

ያን ቃል ሲል ከጎኔ ሆኖ ነው፤ ክንዴን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። ከዚያን ጊዜ ይበልጥ ከሰው የራቅሁበት ቀን የለኝም።

ጨዉን አራግፈው፣ የጭነቱን ገመድ ከፊት መከላከያው ጋር አሰሩ። ለሁመድ ማርሹን እንዴት ነፃ እንደሚያደርግ፣ መሪውን እንዴት እንደሚይዝ አሳየሁት፤ እንደ ተማሪ በትኩረት አየ።

"ልምጣ? ልጅቷን ራሴ ልንገራት" አልኩት።

"ይደርሳታል" አለ። "አደራዋ ያንተ አይደለችም።"

ስምንቱ ፒስተን በሁለት ግመል ተጎተተ። ሁመድ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ድምፅ የላትም፤ የጎማዋ ድንጋይ መርገጥ ብቻ ይሰማል። ሰማያዊነቷ እስኪጠፋ አየኋት። የጨዉ ክምር አጠገቤ ቀርቷል፤ ሰው እንዳይወስደው ጠበቅሁለት፤ ማንም ጠብቅ አላለኝም። ሽማግሌው በማግስቱ ጠዋት ግመሎቹን ይዞ ተመለሰ፤ ሰላምታዬን መለሰልኝ፤ ጨዉን ጭኖ ሄደ። ምን ሆነ፣ ልጅቷ ምን አለች ብዬ ስጠይቀው፣ "ደህና ዋል" ነው ያለኝ። የጭነት መኪና ለምኜ ተመለስኩ። አዋሽ ስደርስ ወሬው ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ እንደወጣ፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስለት።

አንባቢዎቼ፣ አፋሮች ሱቄን ተዉት እንዳይመስላችሁ። መጡ፣ ገዙ፣ ከፈሉ፣ ሰላም አሉ። ሁመድም መጥቷል፤ ስኳር ገዝቶኛል፤ ጤናዬን ጠይቆኛል። ሳጥኗ ላይ ግን አልተቀመጠም። "ምን አየህ? ምን ሰማህ?" የሚለኝ አንድ ሰው ከዚያ በኋላ አላገኘሁም። ወሬውን የማይቀበሉት ሰው ወሬ አይነግሩትምና፣ በዚያ ሸለቆ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ መጨረሻ የማውቀው እኔ ሆንኩ። ጎርፍ ሲመጣ ጎረቤቶቼ ዕቃቸውን ካወጡ በኋላ ነው የምነቃው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁመድ ገበያ መምጣቱን አቆመ። አረጀ ይሁን፣ አካባቢ ቀየረ ይሁን፣ ሞተ ይሁን፣ ስጠይቅ "ደህና ነው" ነው የሚሉኝ።

ምክር አልሰጣችሁም፤ ምክር የሚሸጥበት ሱቅ የለኝም። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መልሳችሁን የሚጠብቃችሁ ከሆነ፣ ስንት እንደሚያወጣ አትመዝኑት። እኔ ሚዛን አዋቂ ነበርኩ።

ባለፈው በአውቶቡስ በሰመራ አለፍኩ። ሜዳው ሕንፃ ሆኗል። መስኮት ሥር ተቀምጬ ቦታውን ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ልጅቷ መኪናዋን ምን እንዳደረገቻት አላውቅም። አባቷ ይኑሩ ይሙቱ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወጪውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ገቢ የለም። የዚያን ቀን ሲሄዱ የመኪናዋ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም።

ቀሪ፦ አንድ ቁልፍ።